ባለ ሞተሯ ድንኳን

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ዋልተር መፍቻ አልሰጠኝም። የሰጠኝ እስከ ክርን የሚደርስ የጎማ ጓንት ነበር። እኔ አዲስ አበባ ትልቅ ጋራዥ ውስጥ የከባድ መኪና ሞተር አውርጄ የምሰቅል መካኒክ ነበርኩና፣ ጓንቱን ሳይ አሲዱ የፈሰሰ ባትሪ ሊያስነሳኝ መስሎኝ ነበር። ዋልተር ግን አንዲት ቡናማ መስመር ያላት ረጅም ሞተርሆም፣ ቤት የተሠራባት መኪና፣ ሥር ጎንበስ ብሎ አንድ ወፍራም ቱቦ አሳየኝ። የሽንት ቤቷ ማጠራቀሚያ መዝጊያ ተጣብቆ አልከፈት ብሎ ነበር።

እስከዚያ ቀን ድረስ ሽንት ቤት ያላት መኪና አይቼ አላውቅም። መዝጊያውን በመዶሻ አንዴ መታሁት፣ እምቢ አለ። ሁለተኛ ስመታው እሺ አለ። ማታ ወደ ቤቴ ስመለስ አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶውን ሄደ።

ጊዜው በፈረንጅ የሰማንያዎቹ መጀመሪያ ነው። ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ፣ የነዳጅ ሥራ ወድቆ፣ ትናንት ሞተርሆም ገዝቶ ሐይቅ ለሐይቅ ሲዞር የነበረው ሁሉ ዛሬ የሚገዛት አጥቶ ዋልተር ግቢ አምጥቶ ያቆማታል። ጋራዡ ከፎረስት ሎውን ወጣ ብሎ ነበር፤ እኔ የምኖረው ፔንብሩክ ሜዶውስ ውስጥ ቤዝመንት፣ ማለት ምድር ቤት፣ ተከራይቼ ነው። ዋልተር ከስንዴ ገበሬ ቤት የወጣ፣ ቀኑን ሙሉ አሥር ቃል የማይናገር ሰው ነበር። ለእኔ ለአዲስ መጤው ተስማሚ አለቃ ነበር፤ እንግሊዝኛችን እኩል ነበረች።

እናንተ ዛሬ መኪናውን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝታችሁ ሕመሙን የምትጠይቁ ልጆች፣ አሮጌ ሞተርሆም ምን እንደሆነች ልንገራችሁ። ሦስት ነገር ናት፤ መኪና፣ ቤትና የጋዝ ምድጃ። መኪናዋ ደኅና ስትሆን ጣሪያዋ ያፈሳል። ጣሪያዋን ስትደፍኑ ጋዙ ይሸታል። ጋዙን ስታስተካክሉ አይጥ ማሞቂያዋ ውስጥ ጎጆ ሠርታ ትወልዳለች። ሦስቱም ባንድ ቀን ጤና ሆነው ያየሁበት ጊዜ የለም።

ሞተሯ ያለው በሾፌሩና ባጠገቡ ባለው ወንበር መካከል ነው፤ ክዳኑ የሚከፈተውም ከውስጥ ነው። ሳሎን ቁጭ ብላችሁ ነዳጅና አየር የሚያደባልቀውን ካርቡሬተር ትፈታላችሁ ማለት ነው። ብርዱ ሳይገባ ውኃዋን ከየቧንቧው አፍስሳችሁ፣ በረዶ የማይሆን ሮዝ ፈሳሽ ትሞሏታላችሁ፤ አለዚያ ክረምቱ ቧንቧውን ሁሉ ይሰነጥቀዋል። እንግዲህ ሥራው ይህ ነው።

አባቴ የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበር። ዕድሜ ልኩን ተሳቢ ጎትቶ ጡረታ ሲወጣ ናዝሬት ተቀመጠ። ያኔ ደብዳቤ ከመጻፍ ካሴት መላላክ ይቀልል ነበርና ድምፃችንን እየቀዳን እንላላክ ነበር። ስለ አዲሱ ሥራዬ ስነግረው፣ በመልሱ ካሴት ላይ እንዲህ አለ፤ «ሽንት ቤት ያለው መኪና ያልከው አልገባኝም። ሰውየው እየነዳ ነው የሚቀመጠው?» ከዚያ ሳል ያዘው። ስኳርና ደም ግፊት ነበረበት። ካሴቱን ሁልጊዜ የሚጨርሰው ባንድ ምክር ነው፤ «የቆመ መኪና ይታመማል። አንቀሳቅሰው።»

እኔ ከሁሉም የምፈራው የእሱን መርዶ ነበር። ስደተኛ ነኝ፣ ወረቀቴ አላለቀም፣ ሄጄ ልቀብረው አልችልም። ብቻዬን እዚያ ቤዝመንት ውስጥ እሰማዋለሁ እያልኩ ነበር የምኖረው።

እዚህ ለተወለዳችሁ መንገር አለብኝ። ያኔ ከሀገር ቤት ሞት ሲመጣ ለባለ ሐዘኑ አይደወልም። የሚደወለው ለወዳጅ ነው። ወዳጅ ለዕድሩ ዳኛ ይነግራል፤ ዳኛው ሰው ሰብስበው ማለዳ፣ ሰውየው ወደ ሥራ ሳይወጣ፣ ደጁ ይደርሳሉ። ብቻውን እንዳይሰማ ነው። የእኛ ዕድር ዳኛ ጋሼ በላቸው ይባሉ ነበር። ሀገር ቤት የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ነበሩ፤ እዚህ ዳውንታውን ያለ አንድ ፎቅ ያጸዳሉ። ዕድሩን ግን የሚመሩት እንደ ችሎት ነው፤ ሳይፈቀድለት የሚናገር ሰው ካለ ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ ይመታሉ።

የመጀመሪያው ክረምት ላይ አንድ አባላችን ወንድሙ ሞተበት። ዕድር ያለ ድንኳን አይሆንም ተብሎ፣ ከወታደር ዕቃ መሸጫ ሸራ ገዝተን ከጓሮው ተከልን። ሸራው ባንድ ሌሊት ቆርቆሮ ሆነ። ለቅሶው አብቅቶ ምሰሶዎቹን ስናወጣ ድንኳኑ አልወደቀም። ጋሼ በላቸው ዞር ዞር ብለው አይተው በካልቾ መቱት፤ ምንም አልሆነ። ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ንፋስ መጥቶ እስኪያለሳልሰው ድረስ ያለ ምሰሶ ቆሞ ሰነበተ። አከራዩ በየቀኑ በመስኮት ያየው ነበር።

ያን ሰሞን ነው ዋልተር፣ ባለቤቷ ጥሏት የጠፋ አንዲት አሮጌ ሞተርሆም ከግቢው እንዳነሳለት የነገረኝ። ካልወሰድኳት ለቁርጥራጭ ብረት ልትሄድ ነው። ያቺው የመጀመሪያ ቀን መዝጊያዋን የከፈትኩላት ናት። ነገሩን ለዕድሩ አቀረብኩ። ጋሼ በላቸው ግራ ቀኙን ካከራከሩ በኋላ ወሰኑ፤ ሞተርሆሟ ከዛሬ ጀምሮ ድንኳን ናት፣ ክፍሎምም፣ ማለትም እኔ፣ የድንኳን ኃላፊ ነው። ሹመት ካገኘሁ ያ የመጀመሪያዬም የመጨረሻዬም ነው።

ከሁሉ በፊት የያዝኩት ማሞቂያውን ነበር። የአይጡን ጎጆ አወጣሁ፣ ማራገቢያውን ፈትቼ አጠብኩ፣ ማሞቂያው ሞተሩን ሳይነካ እንዲሠራ የቤቷን ባትሪ ለብቻው አሰርኩ። እሳቱን እንዴት እንደሚለኩሱ ሴቶቹን ሁሉ አስተማርኩ። ከሁሉም የላቁት እትዬ የሺ ነበሩ። ኤሪን ውድስ ነው ቤታቸው፤ በአንድ ሆቴል ልብስ ያጥባሉ። እሳቸው ተንበርክከው አንዴ ከለኮሱት አይጠፋም።

ሞተሯን ማስነሳት ግን ማንም አይችልበትም፤ ከእኔ በቀር። የካርቡሬተሯ አየር መዝጊያ የራሱ ጠባይ ነበረው። ክዳኑን ከፍቶ፣ ካቻቢቴ አጋድሞበት፣ ነዳጁን ረገጥ ለቀቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ መቼ ረገጥ፣ መቼ ለቀቅ የሚለው በእጅ እንጂ በአፍ አይነገርም። ለማስተማርም አልቸኮልኩም። ሆዴ ውስጥ አንድ ሒሳብ ነበረችኝ፤ መርዶ የሚሄደው በዚህች መኪና ነው፣ የሚነዳት እኔ ነኝ፣ እንግዲያው ወደ እኔ ቤት ማን ይነዳታል? ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ። ግን እንቅልፍ ይሰጠኝ ነበር።

ለማርዳት ጋሼ በላቸው ሥርዓት ነበራቸው። በሩን አንኳኩተው መጀመሪያ እንዲህ ይላሉ፤ «መኪና ተበላሽታብን ነው፣ ትንሽ እንሙቅ ብለን።» ሰውየው ያስገባቸዋል፣ እኛም ተከትለን እንገባለን፣ ሁላችንም ከተቀመጥን በኋላ ቀስ ብለው ያረዱታል። ከዚያ ለቅሶው ወደ ሞተርሆሟ ይወጣል፤ ቤቱ አይበቃምና።

አንዴ የከተማው ደንብ አስከባሪ መጣ። መንገድ ዳር በቆመች ሞተርሆም ውስጥ ሰው ይኖራል ብሎ ጎረቤት ከሶናል። ጋሼ በላቸው ከነሙሉ ልብሳቸው ወርደው ማንም እንደማይኖርባት፣ ሰው ሞቶ እንደሆነ አስረዱት። ሰውየው ሬሳው የት እንዳለ ጠየቀ። ጎንደር ነው አሉት። ጎንደር ከጎረቤት ከተማ ከኤድመንተን ወዲህ ነው ወዲያ ብሎ ጠየቀ። ብርዱ ክፉ ነበርና እትዬ የሺ አስገብተው አስቀመጡት፣ ንፍሮ ዘግነው ሰጡት። ኮፍያውን አውልቆ በላ። ከዚያ ወዲያ ለቅሶ ባለን ቁጥር ብቅ ይል ጀመር፤ ክሱን ያነሳው አይመስለኝም፣ ብቻ ይቀመጥና ይቆረጥማል።

ችግሩ ሌላ ነው። አባቴም ዋልተርም ባንድ ቃል የተናገሩት ሕግ አለ፤ መኪና ከቆመ ይበላሻል። ስለዚህ በየጊዜው አውጥቼ መንዳት ነበረብኝ። እኔ ዘይቷ እንዲዞር ብዬ ስወጣ፣ በያለበት ያለው ሐበሻ በመስኮት ያየኛል። አንዱ መጋረጃ ይዘጋል። አንዱ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ይወጣና፣ አልፌው ስሄድ እዚያው በረዶ ላይ ቁጭ ይላል። ቀይ መብራት ሲይዘኝ፣ የማን ቤት አጠገብ ነው የቆምኩት ብዬ ዙሪያውን አያለሁ። መንገዴን ሁሉ የምመርጠው ሐበሻ በሌለበት ነበር፤ ከፔንብሩክ ተነስቼ ከተማውን ዞሬ ነዳጅ እቀዳለሁ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት መንገድ ተዘግቶ በኤሪን ውድስ በኩል ማለፍ ግድ ሆነብኝ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ነዳጅ የሚመጥነው የካርቡሬተሯ ተንሳፋፊ ተጣብቆ ነዳጅ አጥለቀለቃት፤ ሁለቴ አሳላትና ጸጥ አለች። የቆመችው ልክ እትዬ የሺ ደጅ ላይ ነው።

የእትዬ የሺ እናት ደሴ ነበሩ፤ አርጅተዋል፣ ታመዋልም ይባል ነበር። ከመኪናው ሳልወርድ በሩ ተከፈተ። እትዬ የሺ በካልሲ በረዶው ላይ ወጡ።

«ንገረኝ፣ ክፍሎም። እማዬ ናት አይደል?»

«ኧረ እትዬ የሺ፣ ማንም የለም። መኪናዋ ተበላሽታብኝ ነው» አልኩ።

አንዴ ከአፌ ወጣ። እሳቸው ራሳቸው ከጋሼ በላቸው ኋላ ቆመው ያን ቃል ስንት ቤት ሰምተውታል። ጩኸታቸው እስከ ፔንብሩክ ሳይሰማ አልቀረም።

ክዳኑን ከፍቼ ካርቡሬተሯን አሳየኋቸው፣ ነዳጁን አሸተትኳቸው። «አትደብቀኝ» እያሉ ያለቅሳሉ። እኔ በማልኩ ቁጥር እሳቸው መርዶውን ይበልጥ ያምናሉ፤ መቼም የምለው እውነት ቢሆን ኖሮ እንዲህ ተጨንቄ አልምልም። ጎረቤት ያሉት ሐበሾች መጡ፣ እነሱ ለሌሎች ደወሉ፤ አንዷ ንፍሮ ጣደች። ጋሼ በላቸው በታክሲ ደረሱ። ማን ፈቅዶልኝ እንዳረዳሁ ጠየቁኝ። ማንም እንዳልሞተ ስነግራቸው ብዙ አሰቡ፤ በደንባችን ለቅሶ የሚጀመርበት አንቀጽ እንጂ የሚቆምበት አንቀጽ የለም አሉ። ደንብ አስከባሪውም ሞተርሆሟን አይቶ መጣ፣ ከቦታው ተቀመጠ።

በመጨረሻ ደሴ ይደወል ተባለ። የእናትየው ጎረቤት ነጋዴ ስልክ ነበረው። ኦፕሬተሯ ብዙ ካስጠበቀች በኋላ መስመሩ ተገኘ፣ አሮጊቷም ተጠርተው መጡ። እትዬ የሺ ስልኩን ያዙና ሰላም ሳይሉ አለቀሱበት። ከኋላቸው ቤት ሙሉ ሰው ያለቅሳል። አሮጊቷ ያንን ሰሙ።

እዚያ ማዶ ሌላ ጩኸት ተነሳ። ልጄን ገደሉብኝ ይላሉ። የነጋዴው ቤት በለቅሶ ተሞላ። እዚህ ለእናት ይለቀሳል፣ እዚያ ለልጅ፤ በመካከል ስልኩ ሒሳብ ይቆጥራል።

ስልኩን የቀማሁት እኔ ነኝ። «እማማ፣ የሺ አሉ። እዚህ ቆመዋል» ብዬ አሮጊቷን አስረዳሁና ስልኩን እትዬ የሺ ጆሮ ላይ ለጠፍኩት። የእናትየው ድምፅ ከሩቅ መጣ።

«እኔ አለሁ። አንቺስ አለሽ ወይ?»

«አለሁ፣ እማዬ።»

«ታዲያ ማነው የሞተው?»

እትዬ የሺ ዞረው እኔን አዩኝ። «የክፍሎም መኪና ናት» አሉ።

ደሴ ላይ ድንኳን ተተክሎ እንደነበር በኋላ ሰማን። ንፍሮው ግን ተበላ፤ የተቀቀለ ነገር አይጣልም።

ዕድሩ ተሰብስቦ መከረበት። ጋሼ በላቸው፣ መኪናዋ ለሙከራ ስትወጣ መስታወቷ ላይ በትልቁ «ሰላም ነው» ተብሎ ይለጠፍባት አሉ። ተለጠፈ። በሚቀጥለው ስወጣ አንድ ሰው ፔንብሩክ ላይ ጽሑፉን አንብቦ እዚያው አጥር ይዞ አለቀሰ። ሰላም ከሆነ ምን ያስጽፈዋል አለ።

ከዚያ በኋላ ካርቡሬተሯን ፈታሁና ቤቴ ወሰድኳት። ዕቃ አዝዣለሁ፣ እስኪመጣ አትንቀሳቀስም አልኩ። ሰው ሁሉ ተመስገን አለ። እውነቱን ለመናገር ካርቡሬተሯን ወዲያው ሠርቼ ጨርሻለሁ። አጥቤ፣ በአሮጌ ከነቴራ ጠቅልዬ መደርደሪያ ላይ አኖርኳት። ሾፌሯ እኔ፣ ካርቡሬተሯ እኔ ጋ፤ በየት በኩል ትመጣብኛለች? ሞተርሆሟ ዋልተር ግቢ በረዶ ለብሳ ቆመች።

አባቴ በላከው ካሴት ላይ ድምፁ ቀጥኖ ነበር። «ያቺን ቤት ያላትን መኪና አቆምካት አሉኝ» አለ። ማን እንደነገረው አላውቅም። «ደግ አላደረግህም። ለሰው የምትሆን መኪና አትቆምም።» ሳሉ በዛበትና ካሴቱ ሳያልቅ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ካሴት ቀረ።

የክረምቱ መጨረሻ ገደማ አንድ ማለዳ የሥራ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። የቤዝመንቴ መስኮት ከመሬት እኩል ስለሆነ የሚያሳየኝ እግርና ጎማ ብቻ ነው። ጎማ ቀስ ብሎ መጥቶ ቆመ። ባለ ነጭ ክቡን ጎማ ክብ ከሌለው ጋር ያጣመርኩት እኔ ራሴ ነኝ፤ ሌላ እንደዚያ ያለ ጎማ ካልጋሪ ውስጥ የለም። የሚሰማው የሞተር ድምፅ ግን የእሷ አልነበረም።

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። የማንን ካርቡሬተር ነው የገጠሙባት አልኩ። ዞሬ መደርደሪያውን አየሁ፤ ከነቴራው እንደተጠቀለለ አለ። ቀጥሎ ከመኪናዋ ኋላ የሚራመዱ ብዙ እግሮች አየሁ። ጫማዬን አስሬ ሳልጨርስ ተውኩት።

ወጣሁ። ሞተርሆሟ በዋልተር መጎተቻ መኪና ላይ ታስራለች፤ ዋልተር በዚያ ብርድ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዟል። በጎኗ ካለው ቀዳዳ የማሞቂያው እንፋሎት ይወጣል። እትዬ የሺ በሯ ላይ ቆመዋል፤ ጉልበታቸው ላይ የወለሉ አቧራ ነበር። ጋሼ በላቸው ወደ እኔ መጡ።

«ክፍሎም፣ መኪና ተበላሽታብን ነው፣ ትንሽ...» ብለው ጀመሩና አቆሙ። ያን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ነበር የተናገሩት።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ። ካርቡሬተሯ እኔ ጋ ናት።»

«እናውቃለን፣ ልጄ። ግባ፣ ሞቋል።»

ለቀባሪው አረዱት የሚባለው በእኔ ደረሰ። ገብቼ አባቴን አለቀስኩት። ሰው ግራና ቀኜን ይዞኝ ነበር። ውስጡ እንደ ሰኔ ይሞቅ ነበር፤ ካፖርት የለበሰ ሰው አልነበረም። ዋልተር መግቢያው ላይ ተቀምጦ ከደንብ አስከባሪው ጋር ንፍሮ ይቆረጥም ነበር። ያን ቀን አሥር ቃሉንም አልተናገረም።

ለቀስተኛው ሳለ ካርቡሬተሯን ከቤት አምጥቼ ሳሎን መካከል ያለውን ክዳን ከፈትኩ። እትዬ የሺ የእጅ ባትሪ ያበሩልኛል፣ ጋሼ በላቸው ብሎን ያቀብሉኛል። ስጨርስ የእትዬ የሺን እጅ ይዤ፣ መቼ ረገጥ፣ መቼ ለቀቅ እንደሚደረግ አሳየኋቸው። በሦስተኛው አስነሷት።

አሮጌ ሞተርሆም ያላችሁ ሁሉ፣ ከዚያ ሁሉ ዓመት ሥራ የምነግራችሁ ይኸው ነው። ማሞቂያዋን ከሞተሯ በፊት ሥሩ። ሞተር ቢቆም መኪናዋ ትጎተታለች።